የሟቹን ስልክ ማን ያጥበው?

 

ሟች እንዴት እንደሚታጠብ፣ በስንት ጨርቅ እንደሚከፈን፣ በጀናዛው ላይ እንዴት እንደሚሰገድ ከልጅነታችን ጀምሮ በየመስጊዱና በየመድረሳው ተምረናል። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት በኪታቦቹ ውስጥ በስሙ ያልተጠቀሰ፣ ነገር ግን በዚህ ዘመን ከጀናዛ አጠገብ የማይጠፋ የአንድ ዕቃ ጉዳይ ነው። እርሱም የሟቹ የእጅ ስልክ ነው።

ነገሩ የገጠመኝ ደባርቅ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ለጥቂት ቀናት ታሞ ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። ሥራው ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጡ እንግዶችን ማስጎብኘት ሲሆን፣ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንካበርና በጨነቅ በኩል አምቢኮ ድረስ፣ ከዚያም ራስ ዳሽን አናት ድረስ ይዟቸው ይሄድ ነበር። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ እንግዶቹን ሲያስቀርበት ኑሮው በብድር ላይ ወደቀ።

ሬሳውን ያጠቡት ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ የኖሩ አዛውንት ሼህ ናቸው። ታናሽ ወንድሙና እኔ ውሃ እናቀብላለን። በሩ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ተጋርዷል። በዚህ መሐል ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጃኬት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። ማንም አላነሳውም። ዝም አለና እንደገና ጠራ። ታናሽ ወንድሙ አውጥቶ ድምፁን ካጠፋው በኋላ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሼሁ፣ አንዴ ብቻ አውራ ጣቱን ላስነካው? ከተቀበረ በኋላ የሚከፍተው የለም» አለ።

ሼሁ ማጠባቸውን ሳያቋርጡ፣ «ልጄ፣ ይህ ጣት ከእንግዲህ የምስክር ጣት ነው። ለኛ ጉዳይ አናሠራውም» ሲሉ መለሱለት።

የሼሁ መልስ በሱረቱ ያሲን አንቀጽ 65 ላይ የተመሠረተ መሆኑን የገባኝ በኋላ ነው። በዚያ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን አፎች እንደሚታተሙ፣ እጆች እንደሚናገሩ፣ እግሮችም እንደሚመሰክሩ ይነግረናል። ነገሩ በኛ ቤት ብቻ የሆነም አይደለም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ፖሊሶች አስከሬኑ ወደሚገኝበት የቀብር አገልግሎት ቤት ድረስ ሄደው የሟችን ጣት ስልኩ ላይ አስነክተው ነበር፤ አልተከፈተላቸውም እንጂ። በዚያ አገር ክርክሩ ይህን ማድረግ ሕግ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም በሚል ነበር። ሼሁ ግን የጣቱን ባለቤት ጉዳይ ነው ያስቀደሙት።

ይሁን እንጂ በልጁ መፍረድ ተገቢ አይደለም። የሰው ምስጢር ለመበርበር ጓጉቶ አልነበረም። ሁለት ምክንያት ነበረው።

አንደኛው እዳ ነው። ዛሬ የሰው ገንዘብና እዳ በደብተር ላይ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌብር በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይም በዓመቱ ብድር መስጠት ሲጀምር፣ ማን ከማን ምን ያህል እንደተቀበለ የሚያውቀው ባለስልኩ ብቻ ሆኗል። የእዳ ነገር ደግሞ በዲናችን ቀላል አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ዲናር እዳ ጥሎ በሞተ ሰው ላይ ሳይሰግዱ ቀርተው፣ ሰሃቦቹ እንዲሰግዱበት ነገሯቸው፤ አቡ ቀታዳ «እዳው በኔ ላይ ይሁን» ካሉ በኋላ ነው የሰገዱበት። አንድ ሙስሊም ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር እያለው ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው የሚያስተምረውን የኢብን ዑመርን ሐዲስም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኢብን ዑመር ይህን ከሰሙ ወዲህ ኑዛዜያቸው አጠገባቸው ሳይኖር አንድ ሌሊት አላደሩም። ለመሆኑ ከመካከላችን የስልኩን መክፈቻ ኑዛዜው ውስጥ የጻፈ ማን ነው? እኔ በበኩሌ አልጻፍኩም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የእናትየው ነው። አክስቴ የግጭ ተወላጅ ናቸው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑንና በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ መግባቱን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተጠየቁት ነገሮች መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለው ሰፈራና ግጦሽ እንዲቀንስ የሚለው ይገኝበታል። በዚህም መሠረት የግጭ መንደር ሕዝብ፣ አብዛኛው ሙስሊም የሆነው፣ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወረ፤ ፓርኩም በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ቢያተርፉበት ደስ ይለናል። ነገር ግን ሰው ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮውን ሲጭን መቃብሩን መጫን አይችልም። ሟቹ ገና ወጣት እያለ የመንደሩን ጎጆዎች፣ የሚሰግዱበትን ቦታና የአባቱን ቀብር በስልኩ አንስቶ ነበር። በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘጋ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ የማስቀመጥ ዕድል አላገኘም። ባለሙያዎቹ ይህን የሩቅ ማስቀመጫ «ደመና» ይሉታል። (ስሜን ላይ ቆሞ ለሚያይ ደመና ከእግር በታች የሚተኛ ነገር ስለሆነ ስሙ እዚያ ብዙም አያጽናናም።) ስለዚህ የግጭ ምስል የቀረው በዚያች በተቆለፈች ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር።

ሼሁ ጉዳዩን አዳምጠው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። ስልኩ እንደ ጀናዛ ይቆጠር አሉ። ጀናዛን ሁሉም ሰው አያጥብም፤ ታማኝ ሰው ነው የሚያጥበው። የሚያጥበውም ሐፍረተ ሥጋን ሸፍኖ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ነክቶ፣ ያየውን ነውር ደብቆ ነው። ሟችን አጥቦ ያየውን የደበቀ ሰው አርባ ጊዜ ምህረት እንደሚደረግለት የሚያበስረውን ሐኪም የዘገቡትን ሐዲስ ጠቀሱልን። ስለዚህ ስልኩን ሁለት ታማኞች አብረው ይክፈቱት፤ እዳውንና አማናውን ያውጡ፤ የቤተሰቡን ፎቶ ለእናቱ ይስጡ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን የግል መልእክት አያንብቡት። ስለላን የሚከለክለው የሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ሕያዋንን ብቻ ይመለከታል ያለ የለም አሉ።

አሁን የሚቀረው መክፈቻውን ማግኘት ነበር። ጣትም ቢሆን እኮ አይበቃም ነበር፤ እንዲህ ያለው ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ከጣት ይልቅ በመጀመሪያ ቁጥሩን ወይም የሚሳለውን መስመር ነው የሚጠይቀው። ታናሽ ወንድሙ ሲያስብ ቆይቶ፣ አምቢኮ የሚኖር አንድ በቅሎ ጫኝ ሊያውቅ ይችላል አለ። ሟቹ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ሲነሳ ስልኩን የሚሰጠው ለርሱ ነበርና።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሁለታችን ሄድን። ከጨነቅ ተነስተን የቧሂትን በር አልፈን፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርደን፣ እንደገና አቀበቱን ወጥተን አምቢኮ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የኔ የከተማ ጉልበት የተዋረደበት ቀን ነው። በቅሎ ጫኙ ክርስቲያን ነው። ሞቱን ስንነግረው ተቀመጠና «ነፍሱን ይማር፣ ጓደኛዬ ነበር» ብሎ አለቀሰ። ገብስ ጠላ እንደማንጠጣ ስለሚያውቅ ወተት አስመጣልን። ነገሩን ስናስረዳው መዳፉን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ስሎ አሳየን። ከዚያም እየከበደው፣ ሟቹ የሁለት ጉዞ የበቅሎ ኪራይ እንዳልሰጠው ነገረን። «እኔስ ትቼለት ነበር፤ ግን በናንተ ሃይማኖት እዳ ከባድ ነው ብሎ ራሱ ይነግረኝ ስለነበር ነው የነገርኳችሁ» አለ። በዚያው ሌሊት ከፈልነው። ሊቀበለን አልፈለገም፤ ለምነነው ነው የተቀበለን።

ደባርቅ ተመልሰን ስልኩን በሼሁ ፊት ከፈትነው። የቴሌብሩ እዳ ከፈራነው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የግጭ ፎቶዎችም ነበሩ። አክስቴ ምስሎቹን ሲያዩ ስለ ቤቱ ምንም አላሉም፤ የአባትየውን ቀብር የከበበውን ድንጋይ አንድ በአንድ እያሳዩ ማን እንዳመጣው ነገሩን።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ሟቹ ፌስቡክ ገጹ ላይ፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ዳባት አጠገብ በደረሰበት ሰሞን፣ የአንድን የከተማውን ነጋዴ ፎቶ አውጥቶ ሰርጎ ገብ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ያኔ ከተማው በፍርሃት ተውጦ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም ነበር፤ ቢሆንም የጻፈው ሐሰት ነበር። ሰውየው ጥቂት ቀናት ታስሮ በነፃ ተለቋል። ጽሑፉ ግን ከነፎቶው እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስድብ ረጅም ነው፤ ሟቹ ከተቀበረ በኋላ እንኳን ያጋራው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ነው የዘመናችን መሣሪያ ከአያቶቻችን ዘመን የሚለየው። ክፉ ቃል በቃል ብቻ ሲነገር ከሰሚዎቹ ጋር ይሞት ነበር። በሱረቱ ያሲን 12ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎች ያስቀደሙትን ብቻ ሳይሆን የተዉትን ፈለግም እንደሚጽፍ ይነግረናል። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ፣ እነርሱም ቀጣይ ምጽዋት፣ የሚጠቅም እውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ እንደሆኑ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜም እንጽናናበታለን። መጥፎ ፈር የቀደደ ሰው የተከተሉት ሰዎች ወንጀል በርሱም ላይ እንዳለ የሚናገረውን፣ እርሱንም ሙስሊም የዘገቡትን የጀሪር ኢብን ዐብደላህን ሐዲስ ግን ብዙም አናነሳውም።

በቤተሰቡ መሐል ክርክር ተነሳ። አክስቴ «ልጄን ሞቶ ልታሳጡት ነው? አጥፉትና ዝም በሉ፤ መሸፈን አይደለም ወይ የተባለው?» አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ሐሳባቸው ግን ትክክል አልነበረም። መሸፈን የሚገባው በሟቹና በጌታው መካከል ያለ ነውር ነው። የሌላ ሰው ክብር የተነካበት ነገር ግን እንደ በቅሎ ኪራዩ ሁሉ እዳ ነው። ሼሁም እንዲሁ ወሰኑ። ጽሑፉ ጠፋ፤ ታናሽ ወንድሙና እኔ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድን።

ሰውየው ሳያቋርጠን አዳመጠን። ሲጨርስም «ለሟቹ ይቅር ብያለሁ። ግን ያን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ይህን ይቅርታ አያነብም» አለን። የሚመለስ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ታናሽ ወንድሙ የሟቹን ስልክ ይዞ መጣ። ፌስቡኩ ክፍት ነው። «በርሱ ገጽ፣ በርሱ ስም ‘ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ’ ብለን እንጻፍ። ያነበቡት ሰዎች ያዩታል፤ መሞቱንም የማያውቅ ብዙ ነው» አለ። አነጋገሩ ቀና ነበር። እኔም ሳላስብ እሺ ልል ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ ሰውየው ተጸጽቶ እንደሞተ እናውቃለን? ላይጸጸት ይችላል፤ ምናልባትም ተጸጽቶ በሌሊት አላህን ለምኖ ይሆናል። ሁለቱንም አናውቅም። በአፉ ብንናገርለት ተውበቱን እኛ ፈጠርንለት ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከፌስቡክ በላይ ሄዷል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሮማን ማዙሬንኮ የሚባል ሰው ሞስኮ ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ ዩጂንያ ኩይዳ የተባለች ወዳጁ የላካቸውን መልእክቶች ሰብስባ እንደርሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም አሠርታለች። በ2020 በደቡብ ኮሪያ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ በሰባት ዓመቷ የሞተች ልጅን ምስል በኮምፒዩተር ሠርቶ እናቲቱ ዓይኗን በመሣሪያ ሸፍና «እንድታገኛት» አድርጓል። አሁን ደግሞ ጥቂት የተቀዳ ድምፅ ካለ በዚያ ድምፅ ያልተባለ ነገር ማናገር የሚችሉ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። የሟቹ እህት ይህን ሰምታ «የርሱን ድምፅ ለእማዬ መሥራት ይቻላል ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። የሚቻል መሆኑን አልዋሸኋትም።

ታዲያ የሚናገረው ማን ነው? መሣሪያው የሚሠራው ከፊቱ ካለፉት ቃላት በኋላ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል አስልቶ በማስቀመጥ ነው። «ናፍቀሽኛል» ሲል የናፈቀ የለም፤ «ተጸጽቻለሁ» ሲልም ያፈረ ፊት የለም። ሥራ የሚለካው በኒያ ከሆነ፣ ኒያ የሌለው ንግግር የማን ሥራ ይባላል? ይህን ስል አእምሮ ምን እንደሆነ ሳይንስ ጨርሶታል ማለቴ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ቀልብ፣ ሩህ፣ ነፍስና ዐቅል የሚባሉትን አራት ቃላት ለይተው ካብራሩ በኋላ የሩህን ምስጢር ከመተንተን ተቆጥበዋል። በሱረቱል ኢስራእ 85ኛ አንቀጽ ሩህ የጌታ ጉዳይ እንደሆነ፣ ለሰው የተሰጠውም እውቀት ጥቂት እንደሆነ ተነግሮናልና። ሙስሊም ሟቹ በበርዘኽ እንዳለ ያምናል። በርዘኽ ካለ ሰው ጋር ያለን ግንኙነት ዱዓ፣ ሰደቃና እዳውን መክፈል ነው።

ከዚህም በላይ እኛ ሙስሊሞች ስለ ንግግር ባለቤትነት ብዙ የተጨነቅን ሕዝብ ነን። ሙሐዲሶቻችን አንድ ቃል ከማን እንደተሰማ፣ እርሱስ ከማን እንደሰማ ለማጣራት ከአገር አገር ተጉዘዋል። ትርጉሙ ያማረ ሆኖ ሰንሰለቱ የተፈጠረ ሐዲስ «መውዱዕ» ተብሎ ተጥሏል፤ ማማሩ አላዳነውም። በሟች ድምፅ የሚናገር ማሽን ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዘገባ ነው። ሟቹ በሕይወት ሳለ የቀዳው ድምፅ ግን ከርሱ የተሰማ ነው፤ ሊቀመጥ ይችላል። የሼኾቻችንን ዳዕዋና መንዙማ በካሴት ስናስቀምጥ የኖርነው በዚሁ ሒሳብ ነው። ለእህቱም ያልኳት ይህንኑ ነው። ደስ አላላትም።

ይቅርታውን ታናሽ ወንድሙ በራሱ ስም፣ በራሱ ገጽ ጻፈ። ወንድሙ የጻፈው ሐሰት እንደነበረ፣ የነጋዴውም ስም ንጹህ እንደሆነ ገለጸ፤ ያንን ጽሑፍ አጋርተው የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈለገ ላከላቸው። አንዳንዶቹ ሰደቡት።

ለአንባቢያን የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ፌስቡክ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገጻችንን ከሞታችን በኋላ የሚጠብቅ ሰው አስቀድመን እንድንሰይም ይፈቅዳል፤ የተሰየመው ሰው በሟቹ ስም መልእክት መላክና የቀድሞ መልእክቶቹን ማንበብ አይችልም። ጉግል ከ2013 ጀምሮ መዝገባችን ለምሳሌ ለስድስት ወይም ለ12 ወራት ሳይነካ ቢቆይ ለመረጥናቸው ሰዎች እንዲያስታውቅ ወይም ሁሉን እንዲያጠፋ ማዘዝ የምንችልበት ክፍል አለው። ሁለት ዓመት ያልተነካ መዝገብ ሊጠፋ እንደሚችልም በ2023 አስታውቋል። አፕልም በ2021 ተመሳሳይ ነገር ጀምሯል። ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰላት በኋላ ያለ ዚክር አይበልጥም።

ስልኩ አሁን አክስቴ ዘንድ ነው። ታናሽ ወንድሙ ቁጥሩ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ካርድ ይሞላበታል። ይህ ልክ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ወደ ሼሁ መራሁት። ሼሁ «አሁንም የሚደውልለት አለ?» አሉት። አለ። በሩቅ አገር ሆነው መሞቱን ያልሰሙ የቀድሞ እንግዶች፣ ስሙ ስልኩ ላይ የሌለ አንዳንድ ሰውም ይደውላል። «እንግዲያውስ ከመካከላቸው ባለገንዘብ ሊኖር ይችላል። ዓመቱ እስኪሞላ ክፍት ይሁን፤ የደወለውን ሁሉ ‘ሞቷል፣ የምትጠይቀው አለ ወይ?’ በለው» አሉት።

ዓመቱ የሚሞላው በሚመጣው ጁማደል ኡላ ነው። እስካሁን ሁለት ሰዎች ጠይቀዋል፤ ሁለቱም ተከፍሏቸዋል።